ባለ በቅሎው ሰውዬና የመመረቂያ ፕሮጀክቴ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን ለትምህርት ክፍሉ ተመራቂዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ትምህርት ክፍላችን፣ ከሥራው ዓለም ጋር አያይዘህ ትንሽ ተናገር" ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ምን እንደምናገር ያሰብኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እንዲህ ባለው መድረክ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከየት ተነስተን የት እንደደረስን ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ወደ ምሳ ነው። እኔ ግን በዚህ ግቢ ኤ ያገኘሁበት ሥራ፣ ከተመረቅሁ በኋላ ምን እንዳደረሰ ለመምህራኖቼ ነግሬያቸው አላውቅም። አማካሪዬም እዚህ ተቀምጠዋል። ዛሬ እሱን ልናገር።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆሼ ነው።

ግቢ የገባሁ ሰሞን ዶርም ውስጥ "ከየት ነህ?" ስባል "ከቆሼ" አልኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጆቹ የሚያውቁት ቆሼ የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ ነው። የኔ ቆሼ ሌላ ናት። በቡታጅራና በዝዋይ መካከል ያለች፣ የማረቆ ከተማ ናት። ቆሻሻ ሳይሆን በርበሬ ነው የምትታወቅበት። የግብርና ተመራማሪዎች "ማረቆ ፋና" ብለው የሰየሙት የበርበሬ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከኛ አገር ነው። ይህን ሁሉ ለዶርም ልጆች አስረድቼ ሳልጨርስ ግን ቅጽል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልናገርም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባው ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ ሦስት የክፍል ጓደኞቼ በየተራ ደወሉልኝ፤ "ቤተሰብ ደህና ነው ወይ?" ብለው። ሌላ ቆሼ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ አፈሩም። አንዱ እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የደወለው በፍቅር ነውና አልቀየምኩትም። ግን አንድ ስም ሁለት ቦታ ሲሆን ሐዘን እንኳ አድራሻ ይስታል። ወደ ዋናው ነገሬ የሚወስደኝም ይኸው ነው።

አጎቴ ቆሼ ላይ የበርበሬ ነጋዴ ነው። መጋዘኑ የቆርቆሮ ነው፤ ሲገቡበት ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል። ዛላውን ከገበሬው ይገዛል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ያስጠቀጥቃል፣ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ግዢው ግን የሚጀመረው በርበሬው ሳይደርስ ነው። ክረምት ላይ፣ ችግኙ ወደ ማሳ ተዛውሮ ገበሬው እጁ ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ አጎቴ ለደንበኞቹ ገንዘብ ይሰጣል። ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተር፣ አንዳንዴም ለለቅሶ። ወለድ የለውም። በርበሬው ሲለቀም ለእሱ ይሸጡለታል፤ የወሰዱትም ከዋጋው ይቀነሳል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ጥግ ጥጉ በፕላስተር በተለጠፈ አንድ ትልቅ ደብተር ላይ ነበር።

ደብተሩን ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ። የአጎቴ ጽሕፈት ወደ ግራ ያጋድላል። ሚዛኑን አንዳንዴ በኪሎ፣ አንዳንዴ በፈረሱላ ይጽፋል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የማያውቅ ሰው ገጹን ቢያገላብጠው አይገባውም። ከስም ጎን ደግሞ ትንንሽ ነገሮች አሉ። "ባለ በቅሎው"፣ "የትምህርት ቤቱ ጎረቤት"፣ "ወንድሙ ሹፌር የሆነው"። የመክፈያ ቀን የሚባል ነገር የለም። "በርበሬው ሲደርስ" ይላል፤ በቃ።

እንግዲህ በ2006 ዓ.ም. የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አምጡ ተባልን። ያኔ የሁላችንም ርዕስ አንድ ዓይነት ነበር፤ "ዌብ ቤዝድ" ብሎ ይጀምርና "ማኔጅመንት ሲስተም" ብሎ ያልቃል፤ መሃል ላይ ሆስፒታል ወይም ሆቴል ወይም ላይብረሪ ይገባበታል። እኔ የአጎቴን መጋዘን አስገባሁበት። አማካሪዬ ርዕሱን ወደዱት፤ "ከአካባቢ ችግር የተነሳ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው።

የሰነዱን ሁለተኛ ምዕራፍ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። የነባሩ ሥርዓት ችግሮች የሚባለውን። ነባሩ ሥርዓት በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ጊዜ ያባክናል፣ ቦታ ይይዛል፣ ለስህተት የተጋለጠ ነው፣ መረጃ ይደጋገማል፣ ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ዐረፍተ ነገር ያልጻፈ ተመራቂ ካለ እጁን ያውጣ።

አየሁ። ማንም የለም።

እኔም ከቀደሙት ዓመታት ሰነድ ላይ ገለበጥኩት። መረጃ የተሰበሰበው በቃለ መጠይቅና በምልከታ ለሁለት ሳምንት ነው ብዬም ጽፌያለሁ። መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ቃለ መጠይቁ አንድ ምሽት ነበር፤ ከእራት በኋላ፣ አጎቴ ደክሞት እያንቀላፋ። ምልከታው ደግሞ ልጅ ሆኜ ያየሁት ነው። ደብተሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ግቢ ተመለስኩ።

ሥራው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ምን እንደተማርን ግልጽ እንዲሆን ነው። በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ሠራሁት። ሠንጠረዦቹ እንደ ወጉ ተከፋፍለው፣ ግንኙነታቸው ተስሎ፣ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ ተደርጎ። በአማርኛ እንዲሆንም ለፋሁ። ያኔ ብዙ ሰው የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ወደ ማይነበብ የላቲን ፊደል ይለወጣል። እኔ ግን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ጻፍኩት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ለአንድ መጋዘን በዩኒኮድ መጻፍ እንደ ልዩ ጥበብ ይቆጠር ነበር።

ፈታኞቹ ፊት ስቀርብ በጣም የኮራሁባት አንዲት ገጽታ ነበረችኝ። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር ከነባር ደንበኛ ጋር ከገጠመ "ይህ ደንበኛ ቀድሞ ተመዝግቧል" ብሎ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። "የተደጋገመ መረጃን ያስወግዳል" ብዬ በጥቅሞቹ ዝርዝር ላይ አንደኛ አስቀመጥኳት። ከፈታኞቹ አንዱ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ኤ።

በዚያው ክረምት አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ ቆሼ ሄድኩ። ደብተሩን እያገላበጥኩ ስሞቹን ማስገባት ጀመርኩ። "ባለ በቅሎው" የሚለውን የት ላስገባው? መስክ የለውም። የሰው በቅሎ የዳታቤዝ ጉዳይ አይደለም ብዬ ተውኩት። የአያት ስም መስክ ነበረኝ፤ ደብተሩ ላይ ግን የአያት ስም ስለሌለ ባዶ ሄደ። ስልክ ለሌለው ሰው አጎቴ "የጎረቤቱን ጻፍለት" አለኝ፤ ጻፍኩለት።

ችግሩ መጀመሪያ የታየው በቀን በኩል ነው። "በርበሬው ሲደርስ" የሚል ቀን ኮምፒውተር አይቀበልምና ለሁሉም ኅዳር 30 ብዬ ሞላሁት። ዝናቡ የዘገየባቸው ሁሉ ታኅሣሥ ሲገባ በቀይ ቀለም "ዕዳ ያሳለፈ" ተብለው ተደረደሩ። ከዚያ የባሰም ነበር። ሌላውን ቀን የሚጽፈው ያጎቴ ልጅ ነው፤ የሚጽፈውም በኛ አቆጣጠር ነው፤ የሲስተሙ መስክ ግን የፈረንጅ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ በፈረንጅ ሁለተኛው ወር ላይ 30ኛ ቀን የለማ። ጳጉሜን ሲጽፍ ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ይላል። ይሄ ደህና ነው፤ እምቢ ያለ ነገር ይታያል። የካቲት 30ን 30/6 ብሎ ሲጽፍ ግን ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የፈረንጆቹ ሰኔ 30 ነው ብሎ። በኛ ሰኔ 23 መሆኑ ነው። አራት ወር ገደማ የሳተ ቀን፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። እስከ ዛሬ አንድ ሲስተም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው።

የስሙ ነገርም እንዲሁ። ያጎቴ ልጅ መሐመድ የሚለውን አንድ ቀን በሐመሩ ሐ፣ አንድ ቀን በሃሌታው ሀ፣ አንድ ቀን ሙ ብሎ ጀምሮ ይጽፈዋል። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። አንዱ ሰው ሦስት ሲሆን የሚጎዳው አጎቴ ነው፤ የሰጠው ገንዘብ ይበተንበታል። የተገላቢጦሹ ነው ክፉው።

ኅዳር 2007 ዓ.ም.። እኔ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ነኝ። አጎቴ ለሕክምና ከቆሼ ወጥቷል፤ መጋዘኑን ልጁ ይዟል። አንድ ገበሬ በርበሬውን በአህያ ጭኖ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም በሕይወት ያለ ሰው ነው። ተመዘነ፣ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ያጎቴ ልጅ ስሙን ፈለገ፤ ዕዳ 4,200 ብር ይላል። ቀነሰና የቀረውን ሰጠው። ሰውየው "እኔ ዘንድሮ ብር አልወሰድኩም" አለ። ልጁ "ኮምፒውተሩ ይላል" አለው። ሰውየው ደገመ። ልጁም ደገመ። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሰው ይሰማል። ያጎቴ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማሽኑን የሠራው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው የአጎቱ ልጅ ነው። ማንን ይመን? ሰውየው ብዙ አልተከራከረም። ያለችውን ይዞ ወጣ።

ገንዘቡ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። ሴት ልጁ ቡታጅራ መሰናዶ ትማር ነበር፤ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ። የቤት ኪራይዋ ያ በርበሬ ነበር። ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀርታ ቤቷ ተቀመጠች።

አጎቴ ሲመለስ ሰው ነገረው። ላፕቶፑን አልከፈተም። አሮጌውን ደብተር አወጣ፣ ገለጠ፣ በአንድ ደቂቃ አገኘው። አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም፣ አንድ ቀበሌ፤ ሁለት ሰው። አንዱ ባለ በቅሎው፣ አንዱ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት። ብሩን የወሰደው ባለ በቅሎው ነው። የተቀነሰበት ሌላው። ስልክ ያልነበረው ባለ በቅሎው ስለሆነ የጎረቤቱን ቁጥር ጽፌለታለሁ፤ ያ ጎረቤት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት የሚባለው ራሱ ሰውየው ነበር። እኔ ስመዘግብ ሲስተሙ "ይህ ደንበኛ ቀድሞ ተመዝግቧል" ሲለኝ ደስ ብሎኝ "አዋህድ" የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ያቺን ሰዓት አስታውሳታለሁ። ሲስተሜ ስህተት ያዘልኝ ብዬ ለእናቴ ጭምር አውርቻለሁ።

አጎቴ ሦስት ሽማግሌ ይዞ ሰውየው ቤት ሄደ። እኔንም ከአዲስ አበባ አስጠራኝ፤ "የሠራኸው አንተ ነህ፣ ቁጭ ብለህ ስማ" አለኝ። ብሩ ተመለሰ፣ ይቅርታ ተጠየቀ። ሰውየው ቡና አስፈላልን። ማንንም አልተሳደበም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ "ልጁ ሌባ ነው አልልም። ግን ሃያ ዓመት የሸጥኩበት ቤት ውስጥ ማነህ አልተባልኩም።" በርበሬውን ወደ አጎቴ መጋዘን እንደገና ለማምጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው ትምህርቴ የገባኝ ብል ማጋነን አይመስለኝም። አንደኛ ዓመት ላይ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ "ዳታ ሌላ ነው፣ ኢንፎርሜሽን ሌላ ነው" ተብለን ነበር። ለፈተና ሸመደድነው። በአማርኛ ሁለቱንም "መረጃ" ስለምንላቸው ልዩነቱ እንደ ፈረንጅ ቀልድ ይታየን ነበር። ስዊድናዊው ቦርዬ ላንገፎርስ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ትምህርትን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነው፤ ዋና መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሰውየው ነገሩን በቀመር አስቀምጦታል። ኢንፎርሜሽን የሚገኘው ከዳታው ብቻ አይደለም፤ ዳታውን የሚያነበው ሰው ቀድሞ ከሚያውቀው ነገርና ለማንበብ ካለው ጊዜ ጋር ተደምሮ ነው። ይህን ቀመር ሰሌዳ ላይ አይቼዋለሁ። "ባለ በቅሎው" ማለት ግን ያ ቀመር መሆኑን ለማየት አንድ ሽምግልና አስፈልጎኛል። የአጎቴ ደብተር የሚሠራው አጎቴ ስለሚያነበው ነው። እኔ ደብተሩን ገልብጬ አጎቴን ተውኩት።

"ነባሩ ሥርዓት ለስህተት የተጋለጠ ነው" ብዬ የጻፍኩት ስለዚያ ደብተር ነበር።

አንድ ነገር ላስተካክል፣ ደብተር ይሻላል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያው ሲስተም በመጀመሪያው ወቅት አጎቴ በዕድሜው አስቦት የማያውቀውን ነገር አሳይቶታል። የገባውን ኪሎና የወጣውን ኪሎ ጎን ለጎን ሲያወጣለት በኩንታል ስድስት ኪሎ ያህል ይጎድላል። ሌባ ፈለገ፤ ሌባ የለም። በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ እየተገዛ መጋዘን ውስጥ ነው የሚደርቀው። ውኃ ነበር የሚገዛው። ደብተሩ ይህን ሊነግረው አይችልም፤ ግዢው አንድ ገጽ ላይ፣ ጭነቱ ሌላ ገጽ ላይ ነዋ። ከዚያ ወዲያ ዛላውን ጆሮው ላይ ነቅንቆ ፍሬው ሲንኳኳ ካልሰማ አይመዝንም። እሱ ራሱ "ትምህርትህ እዚህ ላይ ጠቅሞኛል" ይለኛል፤ "እዚህ ላይ" የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ።

ሰውን ከስሙና ከቤቱ ጋር በትክክል መመዝገብ በኛ አገር አይቻልም የሚል ሰው ካለም አካባቢያችን ራሱ መልስ አለው። ያኔ መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በቡታጅራ አንድ የከተማ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ይባላል። ብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናት ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ያ መዝገብ የቆመው አንድ ጊዜ ጠይቆ በመሄድ አይደለም፤ እዚያው ቤት ደጅ ተመልሶ በመሄድ ነው። እኔ በዚያ ወረዳ ተወልጄ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ተምሬ፣ ይህ መዝገብ መኖሩን ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። በክፍል ውስጥ የሰማናቸው ምሳሌዎች ሁሉ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ነበሩ። ይህን ለወቀሳ አልልም፤ መጽሐፎቹ ከዚያ ነው የመጡት። በአገራችን የመስኩ ትምህርት ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

አሁን ጊዜው ተቀይሯል ትሉኛላችሁ። ተቀይሯል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ አለ፤ አጎቴም በስልኩ ይከፍላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ ፋይዳ የሰውን የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይዞ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ ቢመዘገቡ ቁጥራቸው አይገጥምም። እሰየው ነው። ግን ያ ቁጥር የሚሠራው መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ልጅ ሲጠይቅበት ነው። ሰውየው "እኔ አልወሰድኩም" ሲል ነገሩን አቆይቶ የሚያጣራበት ቁልፍ በሲስተሙ ላይ ከሌለ፣ አሥራ ስድስት አኃዝም ቢሆን ልጁ የሚለው "ኮምፒውተሩ ይላል" ነው። የኔ ሲስተም ውስጥ "ደንበኛው አልተስማማም" የሚል ቦታ አልነበረም። ዕዳ አለ፣ ዕዳ ተከፈለ፤ ሁለት ምርጫ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ለመጨመር ግማሽ ቀን የማይፈጅ ነገር።

እንግዲህ ወደ መምህራኖቻችን ልመለስ። አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው የመጣሁት።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰነዶቻችን የሚቀመጡበትን ክፍል ትናንት ከሰዓት ገብቼ አየሁት። መደርደሪያው ሞልቷል፤ አንዳንዱ መሬት ላይ ተቆልሏል። የኔንም አገኘሁት፤ አቧራውን አራግፌ መለስኩት። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ? ስንቱ በሦስተኛው ሳምንት ተዘጋ? ስንቱ የሰው ቤት ኪራይ ቀነሰ? ክፍሉ ውስጥ ይህን የሚናገር አንድም ወረቀት የለም። ፕሮጀክቱ ፈታኞቹ ፊት በቀረበበት ዕለት ያልቃል። ተማሪው ውጤቱን ይይዛል፣ ይመረቃል፣ ላፕቶፑ መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ሐኪም ቀዶ ጥገና አድርጎ በሽተኛውን ዳግመኛ ሳያይ ቢመረቅ እኮ እንጮሃለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ፕሮጀክቶች ጥቂቶቹ ይመረጡ፤ አምስትም ይበቃል። የዘንድሮ ተማሪዎች ሲስተሙ የተተከለበት ቦታ ይሂዱ። ተጠቃሚውን ብቻ አይጠይቁ፤ ስሙ የተመዘገበበትንም ሰው ይጠይቁ። ያዩትን ከአሥር ገጽ ባልበለጠ ይጻፉና ከዋናው ሰነድ ጋር አብሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ክፉም ቢሆን። በተለይ ክፉ ሲሆን።

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ትናንት ቡና ላይ ሁለት መምህራን ነግረውኛል። የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፣ በጀት የለም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ተማሪውም መምህሩም ሐሳቡ እዚያ ላይ ነው። ልክ ናችሁ። የመውጫ ፈተና ምርጫ ነው፤ "ባለ በቅሎው ማነው?" ብሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አይሰጥም። ተማሪውም ሥራ ለማግኘት ማለፍ አለበት። እኔም ዛሬ ተማሪ ብሆን ለፈተናው ነበር የማጠናው። ለዚህ ነው ሸክሙን ሁሉ በናንተ ላይ የማልጥለው። የትራንስፖርቱንና የአልጋውን ወጪ ማኅበራችን ይያዘው፤ ለዘንድሮ በዓል ካናቴራ ያሳተምንበትን ያህል ገንዘብ ነው። ካናቴራውን አልጠላሁትም፣ ይኸው ለብሼዋለሁ።

አማካሪዬም ንግግሩ ሳይጀመር ቀርበው "ምን ልትናገር ነው?" ሲሉኝ ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ያን ዓመት ስንት ተማሪ ነበረኝ መሰለህ?" አሉኝ። ሃያ ሁለት እንደነበርን አስታውሳለሁ። አንድም ቀን ቆሼ ድረስ ሊመጡ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበረም። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ የምልከታውን ሁለት ሳምንት ከራሴ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

የኔን ድርሻ ልናገርና ልውረድ። ሲስተሙን ከሽምግልናው በኋላ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ አሁንም ይሠራል። ማዋሃድ የምትለውን ቁልፍ አጠፋኋት። የመክፈያ ቀን መስክ ውስጥ "በርበሬው ሲደርስ" የሚል ምርጫ አለ። "መታወቂያ ነገር" የሚል መስክም ጨምሬበታለሁ፤ አጎቴ እዚያ ላይ የፈለገውን ይጽፋል። ባለፈው ስገባ አንዱ ላይ "የበቅሎው ባለቤት፣ በቅሎዋ ግን ሞታለች" የሚል አየሁ። አጎቴ አሮጌውን ደብተርም አልጣለውም፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ማንንም ከማስከፈሉ በፊት ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ይህ ትክክለኛ አሠራር ይሁን አይሁን እኔ መፍረድ አልችልም። ተማሪዎች መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ስህተት ሲያገኙም ይጻፉት፣ ስሜን ጨምረው።

ሁለት ተማሪዎች ለዘንድሮው ለቀማ ቆሼ እቀበላለሁ። ማደሪያቸው እናቴ ቤት ነው። ያቺ ቡታጅራ ትማር የነበረችው የሰውየው ልጅ አሁን እዚያው ቆሼ መምህርት ናት፤ ጠይቄያታለሁ፣ ታነጋግራችኋለች። "ግን ቀድመው ማን እንደሆኑ ይንገሩኝ" ብላለች። በርበሬው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ መጋዘኑ የሚሞላው ኅዳር ላይ ነውና ያኔ ብትመጡ ይሻላል። መሐረብ ያዙ፤ ማስነጠሱ አይቀርላችሁም። የሚመዘገብ ካለ ምሳ ላይ ያግኘኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።